ይጁቤ ላይ የተሸመገለ የአሜሪካ ጠብ

ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ካስተማርኋቸው ትምህርቶች አንዱ የአሜሪካ ታሪክ ነው። የማስተምርበት ማስታወሻ ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ እሱም ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለውን የተማርሁት ከሁለቱ ታናናሾቼ ነው፤ በስልክ፣ ሳልጠይቅ፣ ብዙ ጊዜም ሳልፈልግ።

ሁለቱም እዚያ ይኖራሉ። ወንድሜ ዲቪ ደርሶት ከመሄዱ በፊት በሉማሜ መስመር የአውቶቡስ ረዳት ነበር፤ አሁን ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል። እህቴ ከእሱ በኋላ በትዳር ሄደች፤ አቅም ያጡ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ከቤቱ ቤቷ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ድሮ በዓል ሲሆን አንዳቸው ቤት ተሰብስበው ነበር የሚደውሉልን። ስልኩን እየተነጣጠቁ ሲያወሩ እናታችን የማንኛው ድምፅ እንደሆነ እየጠፋት ትስቅ ነበር። በኋላ ለየብቻ መደወል ጀመሩ። መጀመሪያ የሥራ ፈረቃ የለያያቸው መስሎኝ ነበር።

የለያያቸው ግን ምርጫ ነው። ወንድሜ ድንበሩን እዘጋለሁ ከሚለው ወገን ቆመ። «እኔ ዕጣ ደርሶኝ፣ ተራዬን ጠብቄ ነው የገባሁት፤ አጥር ዘሎ የገባው ከእኔ እኩል የሚሆነው በምን ሕግ ነው?» ይለኛል። ፅንስ ማስወረድን የሚደግፍ ፓርቲ መርጦ ቤተ ክርስቲያን መቆም እንደማይችልም ይነግረኛል። እህቴ በሌላው ወገን ናት። ፖሊስ ጥቁር ሰው በገደለ ጊዜ ከሥራ ወጥታ ሰልፍ ሄዳለች። «እኛ ጥቁር ነን ጋሼ። ከሩቅ ሲያዩን ከጎጃም ነው የመጡ ብሎ የሚለየን የለም» ትለኛለች። ሁለቱም «አንተ ታሪኩን ታውቀዋለህ» እያሉ እንድፈርድላቸው ይፈልጉ ነበር። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለ አሜሪካ አውርቼ፣ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ እንደገና ስለ አሜሪካ መስማት ሰልችቶኛል።

በዚያ ሰሞን እዚህም ሰላም አልነበረም። መንገድ ይዘጋል። ኢንተርኔት ከጠፋ ቆይቷል። ክፍል ውስጥ ተማሪ አንድ ቀን ይሞላል፣ በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ወንድሜ ይደውልና «እንዴት ናችሁ?» ይላል። «ተኩስ ነበር፣ መንገድ ተዘግቷል» እለዋለሁ። «አይ፣ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ» ይልና ወደ ምርጫው ይመለሳል። ይህ ያናድደኝ ነበር። የራሱ ቤት እየነደደ በጎረቤት አጥር የሚጣላ ሰው አለ ወይ እላለሁ በሆዴ። ቆይቼ ሳስበው ግን ቤታቸው ያ ነው፤ ልጆቻቸው የሚያድጉት እዚያ ነው። ለእነሱ የጎረቤት አጥር የሆንነው እኛ ነን። ይህን ማወቄም አላስደሰተኝም።

እናታችን ከማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው ይጁቤ፣ በድሮው ቤታችን ነበር የምትኖር። ልቧን ታማለች። ማርቆስ አምጥቼ ያሳየኋት ሐኪም መድኃኒት ሰጥቶ፣ ብቻዬን ጠርቶ ሌላ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገረኝ። እሷ የተባለውን ሳትሰማ ያወቀች ይመስለኛል፤ ስንመለስ መኪና ውስጥ «ልጆቼን አስታርቅልኝ» አለች።

«ፖለቲካ ነው እማዬ፤ የሰው አገር ፖለቲካ። ምርጫው ሲያልፍ ያልፍላቸዋል» አልኋት።

«እኔ ስሞት ማን ያረዳቸዋል?»

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በሩ ላይ ይደርሳል፤ የሚይዘው ሰው፣ ሲወድቅ የሚያነሣው ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው የሚነገረው። እዚያ አገር እህቴ ከወንድሟ በቀር የሚያረዳት የሥጋ ዘመድ የላትም፤ እሱም ከእሷ በቀር። ካልተነጋገሩ የእናታቸውን ሞት እንደ ገበያ ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ይሰማሉ። እናቴ የፈራችው ሞቱን አልነበረም፤ ልጇ ብቻዋን ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ ስልክ በጆሮዋ ይዛ ስትሰማው ታይቷት ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይታየኝ ጀመር።

እኔ በስልክ ላስታርቃቸው ሞከርሁ። «እሱ ይቅርታ ይጠይቅ»፣ «እሷ ትጠይቅ» ከማለት አላለፉም። እናቴ ስትሰማ «አንተ ወንድማቸው ነህ፣ ምን ሥልጣን አለህ፤ ሽማግሌ ይቀመጥ» አለች። የአሜሪካን ምርጫ ሽማግሌ ሊሸመግለው ነው ብዬ ልስቅ ቃጣኝ። ፊቷን አይቼ ተውሁት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሦስት ሰዎች ቤታችን ተሰበሰቡ። አንዱ መሪጌታ ናቸው፤ ዲማ ገዳም ተምረው፣ ዲማ አስተምረው፣ በእርጅናቸው ይጁቤ ዘመድ ዘንድ የተጠጉ። ሁለተኛው የድንበርና የደም ነገር ሲያስታርቁ የኖሩ ገበሬ ጎረቤታችን ናቸው። ሦስተኛው የእናቴ የንስሐ አባት ነበሩ፤ ለጸሎት እንጂ ለክርክር አልመጡም። እናቴ መደቡ ላይ ጋቢ ለብሳ ጋደም ብላለች። እኔ ሁለት ስልክ አዘጋጅቻለሁ፤ የራሴንና ከጎረቤታችን ልጅ የተዋስሁትን። እዚያ ገና ማለዳ ነው። ሁለቱም ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኮቹን በርጩማ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። እህቴ በቀኝ፣ ወንድሜ በግራ።

ጎረቤታችን ስልኮቹን አየት አደረጉና እንደ ወጉ ጀመሩ።

«የሚባለውን ልትቀበሉ ዋስ ጥሩ።»

«ማንን እንጥራ አባቴ፤ እኛ ያለነው አሜሪካ ነው» አለ ወንድሜ።

«ከዚህ የምንይዘውን ሰው ነዋ። አሜሪካ ድረስ ሄደን ማንን እንይዛለን?»

ሁለቱም እኔን ጠሩ። ለሁለቱም ወገን ዋስ የሆነ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ሽማግሌዎቹም አላዩም መሰለኝ፣ ጥቂት ተያዩ። ዋስ ማለት ቃሉ ሲፈርስ የሚጠየቅ ነው። እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲያ አሜሪካ ምርጫ ባደረገ ቁጥር የምጠየቀው እኔ ሆንሁ ማለት ነው።

ቀጥለው ጠቡ ምን እንደሆነ እንዳስረዳ አዘዙኝ፤ አስተማሪው እኔ ነኛ። ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ። በባርነት ስለመጡት ጥቁሮች ተናገርሁ። በጦርነት ነፃ ከወጡ በኋላም ለብዙ ዘመን እንዳይመርጡ፣ ከነጭ ጋር በአንድ ወንበር እንዳይቀመጡ፣ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ተከልክለው እንደኖሩ፤ በንጉሡ ዘመን፣ ሽማግሌዎቹ እዚህ ገና ልጆች ሳሉ፣ ጥቁሮቹ እየተደበደቡና እየሞቱ ሰልፍ ወጥተው ሕጉን እንዳስቀየሩ። በዚያው ሰሞን እንደኛ ያለውን ሰው የሚያግደው የስደተኞች ሕግም መለወጡን፣ ከዚህ የሄደ ሁሉ በዚያ በር መግባቱን ጨመርሁ።

«በላቸው እንጂ» አለ የቀኙ ስልክ።

ከዚያ ሌላውን ተናገርሁ። ከዚያ ሕግ በኋላ በደቡብ የሚኖሩ ብዙ ነጮች ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው እንደዞሩ፤ በፅንስ ማስወረድ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው በአንድ ወገን እንደተሰለፈ፤ ፋብሪካ ተዘግቶ ሥራ ያጣ የትንንሽ ከተማ ሰው አገሬን ተቀማሁ ብሎ እንደተቆጣ፤ የዛሬው ድንበር ይዘጋ የሚለው ቃል በዚያ ቁጣ ላይ እንደተተከለ።

«ይኸው፣ እሱም ያውቀዋል» አለ የግራው ስልክ።

እንደ ተማሪዎቼ ናቸው። ካስተማርሁት እኩሌታውን፣ የሚጥማቸውን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ።

«ድንበር አልህ? ድንበር ከሆነማ እናውቅበታለን። ምልክቱን ማን ነው የነቀለ?» አሉ ጎረቤታችን። ድንበሩ የመንግሥት ከመንግሥት እንደሆነ አስረዳሁ። ትንሽ ቅር አላቸው።

ይህን ጊዜ መሪጌታ ገቡ። «ልጄ፣ እነዚህ ሁለት ፓርቲዎች ይህን ያህል ዘመን ሲጣሉ በመካከላቸው የሚገባ ሽማግሌ የላቸውም?» አሉኝ።

«ፍርድ ቤት አላቸው የኔታ።»

«ፍርድ ቤትማ ይፈርዳል፤ መች ያስታርቃል።»

ጎረቤታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን በዚያ ድካሜ ላይ ተናደድሁ። እኛስ ይህን ሁሉ ሽማግሌ ይዘን የት ደረስን ልላቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ጠዋት ስመጣ ሁለት ቦታ ወርጄ ተፈትሻለሁ። እናቴ በዓይኗ ያዘችኝና ዋጥሁት።

መሪጌታ ወደ ስልኮቹ ጎንበስ አሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው ልጆቼ። ፓርቲውን እዚያው ለባለቤቶቹ ተዉት። በእናንተ በሁለታችሁ መካከል የተባለ ቃል አለ። ምንድን ነው የተባለ?»

መጀመሪያ የተናገረች እህቴ ናት። ልጇ፣ ያ እዚህ በመጣ ጊዜ የእናቴን ዶሮዎች ሲያባርር የዋለው፣ ቁመቱ አድጎ ጎረምሳ ሆኗል። አንድ ቀን ከኳስ ሲመለስ ፖሊሶች የሚፈልጉት ሰው መስሏቸው አስቆሙት። መንገድ ዳር በደረቱ አስተኝተው፣ እጁን ወደ ኋላ አድርገው አሰሩት፤ ቆይተው ተሳስተናል ብለው ለቀቁት። «ባሌ ሥራ ላይ ነበር። መጀመሪያ የደወልሁት ለእሱ ነው፣ ለወንድሜ» አለች። «ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ እየተንቀጠቀጠ። 'ምን አጥፍቶ ነው?' አለኝ። 'ያስያዘው ነገር ሳይኖርማ አይቀርም' አለኝ። ልጁ ይሰማል።»

ይህን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ወራት ስለ ምርጫ ስትነግረኝ፣ ይህን አንድም ቀን አልነገረችኝም።

«ጠየቅሁ እንጂ ፈረድሁ?» አለ ወንድሜ። ድምፁ ቀጥኗል። «ደንግጬ ነው የጠየቅሁ። እሷስ ያለችኝን ለምን አትናገር? ተናገሪው።»

እስክትናገርም አልጠበቃት።

«እኔ እናገረዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሰው ቆሞ እየሰማ፣ 'እንኳንም አባታችን ሞተና አንተን አላየ' አለችኝ።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባታችን ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ግን ስሙ ሲነሣ ዛሬም ጋቢዋን ታስተካክላለች። አሁን ጋቢዋን አልነካችም። እህቴን ከስልኩ ውስጥ ጎትቼ አውጥቼ ብመታት ደስ ይለኝ ነበር፤ ወንድሜንም እንዲሁ። ይህን ለእናቴ ማሰማት አይገባንም ነበር። ግን ነገር ከሥሩ ይነቀል ካሉ፣ ሥሩ የሚወጣው እሷ በተኛችበት ቤት ነው።

ሽማግሌዎቹ ለመምከር ወደ ደጅ ወጡ። እኔ ከሁለት ዝም ያሉ ስልኮችና ከእናቴ ጀርባ ጋር ቀረሁ። ወንድሜ መኪናውን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር መሰለኝ፣ አጠገቡ የሚያልፍ መኪና ይሰማል።

ሲመለሱ የተናገሩት ጎረቤታችን ናቸው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ሁለታችሁም አጥፍታችኋል። እሱ የእህቱን ልጅ በወደቀበት ረግጧል፤ እሷ የአባቷን ሞት መስደቢያ አድርጋለች። ሁለታችሁም ድንጋይ ተሸክማችሁ አንዳችሁ ባንዳችሁ እግር ትወድቃላችሁ።»

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይንበረከካል፤ የተበደለው ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም። ሰዎቹ አሜሪካ ናቸው፣ እንዴት ይሆናል ልል ስል ሦስቱም ወደ እኔ አዩ።

«ዋሳቸው አለ» አሉ መሪጌታ።

ቀልድ መሰለኝ። ጸጉሬ የሸበተ፣ ወገቤን የሚያመኝ ሰው ነኝ። ጎረቤታችን ግን ወጥተው ከአጥሩ ካብ አንዱን ድንጋይ ነቅለው መጡ፤ ከእነአፈሩ፣ ትንሽም አይደለም። ሌላ ያነሰ የለም ወይ ብላቸው «ያነሰ ድንጋይ ላነሰ ነገር ነው» አሉኝ። ጫንቃዬ ላይ ጫኑልኝ። መጀመሪያ በወንድሜ ፈንታ፣ በእህቴ ስልክ ፊት ተንበረከክሁ። የአሜሪካ ታሪክ አስተማሪ ለሞባይል ስልክ ሲሰግድ የሚያይ ተማሪ ባለመኖሩ ፈጣሪን አመሰገንሁ።

ቃሉን ወንድሜ ራሱ እንዲለው አደረጉት። «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ፤ ልጅሽንም በድያለሁ» አለ።

«ጋሼ የት ነው?» አለች እህቴ።

«እፊትሽ ነው፣ ተንበርክኮ። ድንጋይ ተሸክሟል» አሏት መሪጌታ።

«ኧረ አውርዱለት፤ ወገቡን ያመዋል እኮ።»

«የምታወርጂለት አንቺ ነሽ ልጄ።»

ወዲያው ትለዋለች ብዬ ነበር። አላለችውም። ድንጋዩ መጀመሪያ አንገቴን፣ ቀጥሎ ትከሻዬን፣ በመጨረሻ ያችኑ ክፉ ቦታ ወገቤን ያዘኝ። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። በይ እንጂ እላለሁ በሆዴ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ የልጇን መንቀጥቀጥ አስበውና ዝም እላለሁ። ከስልኩ የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነበር። እናቴ ወደ እኛ ዞራ ነበር፤ አትለምናትም፣ አትቆጣትም፣ ዝም ብላ ስልኩን ታየዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚሉት እውነት ነው፤ ሰው ፊት እንዲረሳ ሲጠየቅ ደግሞ ይብሳል።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች በመጨረሻ። «አውርድ ጋሼ።»

አወረዱልኝ። ትንሽ አርፌ፣ ዞሬ ተሸከምሁ፣ በእሷ ፈንታ ወደ ግራው ስልክ። «አባታችንን ስለጠራሁበት ይቅር በለኝ» ብላ ሳትጨርስ፣ እኔም ጉልበቴን በቅጡ ሳላሳርፍ፣ ወንድሜ «ይቅር ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ» አለ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። እኔ ግን ችኮላውን አወቅሁት። ረዳት ሳለም ሰው ገብቶ ሳያበቃ በሩን ዘግቶ «ሳበው» የሚል ልጅ ነበር።

ንስሐ አባታችን አሳረጉ። ሽማግሌዎቹ ፓርቲውን ዳግመኛ በመካከላቸው እንዳያነሡ በእኔ ዋስነት አሰሯቸው። እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠችና ሁለቱንም ስልኮች በየተራ ሳመቻቸው። «እንግዲህ ሰው አላችሁ። ስሞት ሰው አላችሁ» አለች። «እንዲህ አይባልም» ብለው ገሠጿት። እሷ ግን ያን ቀን እራት በላች፤ ከታመመች ወዲህ ሳትለመን ስትበላ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ቃላቸውን ጠበቁ። በዓል ሲሆን እርስ በርሳቸው ይደዋወላሉ፤ ከባድ የአሜሪካ ዜና በመጣ ቁጥር እኔ እዚህ ዋሱ ስጨነቅ እነሱ እዚያ ስለ አየሩ ያወራሉ። «ቤቷ ሄድህ?» እለዋለሁ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እሄዳለሁ» ይላል። «መጣ?» እላታለሁ። «ይምጣ፣ ማን ከለከለው» ትላለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው አልሁና ተውሁት። ተጨማሪ ነገር ለመነካካት ጉልበቱ አልነበረኝም፤ ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ካልተጣሉ ታርቀዋል ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

እናታችን ክረምቱ እንደወጣ ሞተች። በተኛችበት፣ ማንንም ሳታስቸግር። ያን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር፣ ደረስሁ። ቀበርናትና ከቀብር ስንመለስ ለወንድሜ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞች ደወልሁ። እነሱ ሄደው አረዱት። እሱ ደግሞ አልቅሶ ሳይጨርስ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ እነሱን አስከትሎ ወደ እህታችን ነዳ። በሯን ራሱ አንኳኳ። እናቴ እንደፈለገችው ሆነ።

እህቴ ይህን በስልክ ያወራችኝ አርባው ካለፈ በኋላ ነው። ወንድሟ እንደያዛት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ ፍራሽ ላይ እንደተኛ፣ ለቅሶ ለመጣው ሰው እሱ ሻይ ሲቀዳ እንደነበር ነገረችኝ። ልጇን ይዞ እንዳለቀሰም። ታዲያ እንኳን ታረቃችሁ፣ እማዬ ያሰበችው ደረሰ አልኋት።

«ምንም አላለም እኮ ጋሼ» አለች። «በሩን ከፈትሁ፣ እሱ ቆሟል። አፉን ሳይከፍት መርዶ መሆኑን አውቄ ጮህሁ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ ለሻይ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሳየው እስቅለት ነበር።»